ለእኔ ኢራሻይ፣ ለሲሀም ኦካኤሪ

ሲሀምን እዚያ ቤት ያስገባኋት እኔ ነኝ፤ ይሄ ይታወቅልኝ። ዲቪ ደርሷት መጥታ፣ ኮሪያታውን ከሌሎች ሴቶች ጋር አፓርታማ ተጋርታ፣ ሥራ አጥታ ስትቁለጨለጭ፣ «እኔ የምሠራበት ቤት የዊኬንድ ሰው ይፈልጋሉ» ብዬ የወሰድኳት እኔ። ሰው ከአልጋ እንዴት ተደግፎ እንደሚነሳ ያሳየኋት እኔ። የመድኃኒት ሰዓት እንዳታሳልፍ ስልኳ ላይ አላርም የሞላሁላት እኔ። የባሌ የጁነይድ ታናሽ እህት ናት፣ የራሴ ሰው ትጠቀም ብዬ ነው። ሌላ ሰው ቢቀድመኝ እኮ እንዲህ አልንገበገብም ነበር። በገዛ እጄ ያመጣኋት ናት አንጀቴን ያሳረረችው።

የምሠራው ሚስስ ሂሮታ ቤት ነው። ጃፓናዊት ናቸው፤ ገና በወጣትነታቸው ተድረው ነው ሎስ አንጀለስ የመጡት። ባላቸው የሰው ግቢ አትክልት ሲንከባከቡ ኖረው ሞተዋል። ሴት ልጃቸው ጆይስ ሳክራሜንቶ ነው የምትኖረው። እኔ ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት እገባለሁ፣ ወደ ማታ ወጥቼ በፒኮ አውቶቡስ ሚድ ሲቲ ወዳለችው ቤቴ እመለሳለሁ። ስድስት ዓመት ሆነኝ። ገላቸውን አጥባለሁ፣ ጥፍራቸውን እቆርጣለሁ፣ ሩዛቸውን እሳቸው በሚወዱት ልክ አበስላለሁ። ሞራ ዓይናቸውን ጋርዶት ከጥላ በቀር ብዙ አያዩም። ፊታቸውን ወደ ጓሮው፣ ጀርባቸውን ወደ በሩ አድርገው ይቀመጣሉ፤ ሰውን የሚለዩት በድምፁ ነው።

ታዲያ እኔ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሩን ከፍቼ ደፉ ላይ እቆምና «ቤቶች!» እላለሁ። ደሴ ያደግሁት እንዲህ ነው፤ የሰው ቤት ሰተት ተብሎ አይገባም። እሳቸውም «ኢራሻይ!» ይሉኛል። ደህና በነበሩ ጊዜ ከወንበራቸው ብድግ እያሉ ነበር የሚሉኝ። አምና ወድቀው ዳሌያቸውን ከተጎዱ ወዲህ ግን ሰው ካልደገፋቸው አይነሱም፤ እንደተቀመጡ ነው የሚሉኝ። እኔም እግሬን አራግፌ እገባለሁ። ጥሩ ሰላምታ ነበር፤ አንድም ቀን ቅር ብሎኝ አያውቅም።

ቅር ያለኝ አንድ ቅዳሜ ነው። የዊኬንዱ ሺፍት የሲሀም ነው፤ ቅዳሜን እዚያው አድራ እሁድ ማታ ትወጣለች። እኔ ዓርብ ዕለት ምሳ ዕቃዬን ረስቼ ኖሮ፣ ፌርፋክስ የሐበሻ ሱቅ በርበሬ ልገዛ ስሄድ በዚያው ልውሰድ ብዬ ጎራ አልኩ። «ቤቶች!» አልኩ፣ «ኢራሻይ!» አሉኝ፣ ኪችን ገባሁ። ሲሀም ውጪ ነበረች። ምሳ ዕቃዬን ከመደርደሪያው ሳወርድ በሩ ብርግድ አለ። ሲሀም ከበሩ የሆነ ነገር ጮኸች፤ እሱን ልብም አላልኩት። ልብ ያልኩት መልሱን ነው።

«ኦካኤሪ፣ ሲሀም ቻን!»

ያ ድምፅ! ወላሂ እንደዚያ ያለ ድምፅ ከሚስስ ሂሮታ ሰምቼ አላውቅም። እናት ልጇ ከትምህርት ቤት ስትመጣ የምታወጣው ዓይነት ድምፅ ነው። እኔን እንደ ትልቅ ሰው ሲቲና ሳን ነው የሚሉኝ፣ እሷን እንደ ልጅ አቆላምጠው ሲሀም ቻን! ኪችኑ ውስጥ ምሳ ዕቃዬን እንዳቀፍኩ ቀረሁ። ሲሀም ብቅ ብላ «ውይ እትዬ፣ መጥተሽ ነው?» አለችና ፍሪጁን ከፍታ የሚስስ ሂሮታን ጁስ አውጥታ መጠጣት ጀመረች። ሳትጠይቅ! እኔ እዚያ ቤት ስድስት ዓመት ስሠራ ከፍሪጁ ለራሴ ውሃ እንኳን ቀድቼ አላውቅም።

ማታ ለጁነይድ ነገርኩት። ቀኑን ሙሉ ኤርፖርት ድራይቭ ሲያደርግ ውሎ ደክሞት ሶፋው ላይ ተዘርግቷል።

«ኦካኤሪ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ስልክህ ላይ እይልኝ» አልኩት።

አየ። «እንኳን ደህና ተመለስሽ ይላል።»

«ኢራሻይስ?»

«እንኳን ደህና መጣሽ። በይ፣ ያው ነው። ይሄ ነው ራት የዘጋሽ?»

«ያው አይደለም! መምጣትና መመለስ አንድ ነው እንዴ? ፖስተኛም ይመጣል። ቧንቧ ጠጋኙም ይመጣል። የሚመለሰው የቤቱ ሰው ነው!»

ቀና ብሎ አየኝና ሳቁ አመለጠው። «ሲቲና፣ ቀንተሻል።»

«እኔ? ልቅና? ለማን ብዬ! ስድስት ዓመት ያጠብኩ፣ ያበሰልኩ እኔ፤ ትናንት የመጣች ልጅ ተመልሳ፣ እኔ ፖስተኛ ልሁን?»

«ቀንተሻል አልኩሽ። እኔ ላይ እንኳን እንዲህ ቀንተሽ አታውቂም።»

«አንተ ላይ የሚያስቀና ምን አለ?» ብዬ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ተኛሁ። ተኛሁ ማለቴ ተጋደምኩ፤ እንቅልፍ የት አለ!

ሰኞ ሥራ ስገባ አንድ ነገር አስቤ ነው የሄድኩት። መመለስ ከሆነ የተፈለገው፣ እመለሳለኋ! ጠዋት ቁርሳቸውን አቅርቤ፣ ቆሻሻ ልጣል ብዬ ወጣሁ። ተመለስኩ። «ቤቶች!» «ኢራሻይ!» ፖስታ ሳጥኑን ልይ ብዬ ወጣሁ፤ ፖስታው ገና የሚመጣው ከሰዓት በኋላ እንደሆነ እያወቅሁ። «ቤቶች!» «ኢራሻይ!» ጓሮውን ዞሬ፣ የጎረቤት ድመት አባርሬ መጣሁ። ድምፄን እንደ ሲሀም አቅጥኜ ሁሉ ሞከርኩ። ምስኪኗ ሴትዮ አንድ ጊዜ እንኳን ሳይሰለቹ፣ ባልተጓደለ ትሕትና፣ ከተቀመጡበት ጎንበስ እያሉ «ኢራሻይ» ይሉኛል። ምሳ ሰዓት ላይ «ሲቲና ሳን፣ ዛሬ ሆድሽን አሞሻል?» ብለው ጠየቁኝ።

ማክሰኞ የሚወዱትን ቀይ ባቄላ የተሞላ ጣፋጭ ገዝቼ ገባሁ። በደስታ በሉ፣ ለእኔም ዘረጉልኝ፣ «ኖ ኖ፣ እርስዎ ይብሉ» አልኩ። ረቡዕ ጸጉራቸውን እንደ ልጅ ጸጉር አበጥሬ፣ እግራቸውን አሸሁላቸው። ሐሙስ ጠዋት «ቤቶች!» ስል ያው ኢራሻይ።

ዓርብ ደግሞ ጆይስ ደወለች። እናቷ ከእንግዲህ በሳምንቱ ቀን ሌሊት ብቻቸውን ማደር እንደማይችሉ ሐኪሙ ነግሯታል። በወሩ መጨረሻ ራሷ መጥታ ሳክራሜንቶ ትወስዳቸዋለች፤ ቤቱም ይዘጋል። ስላደረግሽው ሁሉ እናመሰግናለን፣ ጥሩ የድጋፍ ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ አለችኝ። ኦኬ አልኩ፣ ሌላ ምን እላለሁ? ሥራስ ሥራ ነው፣ አላህ ይሰጣል። እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው። እኒህ ሴትዮ ሲሄዱ ሲሀምን የቤት ልጅ፣ እኔን እንግዳ አድርገው ነው የሚሄዱት። ሳይሄዱ በፊት ያቺን ቃል አንድ ጊዜ ብቻ ቢሉኝ ሌላ ምንም አልፈልግም ነበር።

እሑድ ማታ ሲሀምን ሺፍቷን ስትጨርስ ፌርፋክስ ቀጠርኳት። ሁልጊዜ የምንገባባት ሻይ ቤት መስኮቱ ጋ ተቀመጥን፣ ሻይና ሳምቡሳ አዘዝን። ልጅቷ ደግሞ ሳምቡሳ ስትበላ ጭንቀት የሚባል ነገር አታውቅም። ሁለት ጨርሳ ወደ እኔኛው ማየት ስትጀምር ጠየቅኳት።

«ሲሀም፣ በአላህ እውነቱን ንገሪኝ። ምን ብታደርጊላቸው ነው?»

«ለማን?»

«ለሚስስ ሂሮታ። ኦካኤሪ የሚሉሽ።»

አፏን ይዛ ሳቀች። «ኧረ እትዬ! እሱ እኮ መልስ ነው። ቀድመሽ ታዳይማ ካላልሻት እንዴት ትመልስልሻለች?»

«ታዳይማ ምንድን ነው?»

«ወደ ቤቱ የገባ ሰው ነዋ የሚለው። ይኸው መጣሁ፣ ገባሁ እንደማለት። ሰው ቤት አይባልም፤ ቤትሽ ስትገቢ ብቻ ነው። ያኔ ውስጥ ያለው ሰው ኦካኤሪ ይልሻል። ሱቅም ሄደሽ ይሁን፣ ሥራ ውለሽ ይሁን፣ ሁሌ እንደዛ ነው። እንግዳ ከሆነ የመጣው ግን ኢራሻይ ነው የሚባለው። መጀመሪያ ያደርኩ ዕለት፣ ጠዋት ቆሻሻ ጥዬ ስመለስ ‹ታዳይማ በይ› አለችኝ፣ አልኩ። በቃ።»

«አልኩ? እንዲሁ? የሰው ቤት ገብተሽ ቤቴ ገባሁ አልሽ?»

«እሷ በይ ካለችኝ እኔ ምን አገባኝ?»

እሷ ትላቸዋለች ደግሞ! አያቷን የሚያህሉ ሴትዮ፣ እሷ! እኔ በሌሉበት እንኳን አንቱ ብዬ ነው የማነሳቸው።

«ላንቺም እኮ ነግራሽ ነበር አሉ» አለች ሲሀም፣ ሳምቡሳዬን እያነሳች። «ድሮ፣ ገና ስትጀምሪ። አንቺ ግን ‹ኖ ኖ፣ እንግዳ ነኝ› ብለሻታል። ቤቶች ማለት ምንድን ነው ብላ ስትጠይቅሽም፣ በእኛ አገር እንግዳ በር ላይ ሲደርስ የሚለው ነው ብለሻታል። ‹ሲቲና ሳን እንግዳ ነኝ ካለችኝ በእንግዳ ደንብ ነው የምቀበላት፤ በጣም ጨዋ ሰው ናት› አለችኝ። ክብር ነው እኮ እትዬ።»

ክብር! ክብሩ ገደል ይግባ። እውነት ነው፣ ብለውኛል፤ ሲሀም ስትናገረው ትዝ አለኝ። የሆነ ቃል በይ ብለውኝ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ «ኖ ኖ» ብያለሁ። ሻይ በየቀኑ ያቀርቡልኝ ነበር፣ «ሥራ ላይ ነኝ» እላለሁ። ወንበር ያሳዩኛል፣ ቆሜ እውላለሁ። እንዲያ ነው ያሳደጉን፤ ሦስት ጊዜ ተለምኖ፣ አራተኛው ላይ ነው እሺ የሚባለው። ታዲያ ጃፓኖች ሦስቴ አይለምኑ እንደሆነ በምን ላውቅ! ይሉኝታዬ ስድስት ዓመት በር ላይ ገትሮኝ፣ ሲሀም በባለጌነቷ ሳሎን ገባች። ሻዩን ከፍዬ ተነሳሁ፤ ሳምቡሳው እንደሆነ በልታ ጨርሳዋለች።

ከዚያ በኋላ ልምምድ ነው። ፒኮ ላይ አውቶቡስ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ከንፈሬን እያነቃነቅሁ፣ ታዳይማ፣ ታዳይማ፣ ታዳይማ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ዱዓ የማደርግ መስሏት ቦርሳዋን ሰብሰብ አድርጋ ቦታ ለቀቀችልኝ። ታዲያ ምን ዋጋ አለው! ደፉ ላይ ስደርስ ምላሴ ይተሳሰራል። «ታ...» ልል ስል እናቴ ከደሴ የምታየኝ ይመስለኛል፤ የሰው ቤት፣ የሰው ደጅ፣ አንቺ ማን ነሽ ትለኛለች። «ቤቶች!» ይወጣል። «ኢራሻይ!» ይመጣል። አንድ ሳምንት እንዲህ አለፈ፣ ሌላው ተከተለ። ሲሀም ግን በየዊኬንዱ ልጅ ሆና ተመለሰች።

የሚሄዱበት ቀን ቅዳሜ ነበር። ሺፍቱ የእኔ አይደለም፣ ግን ሳልሰናበት ይሄዳሉ እንዴ! ጆይስ መኪናዋን በር ላይ ፓርክ አድርጋ ሻንጣ ስትጭን ደረስኩ። ሰላም አልኳትና ወደ በሩ ሄድኩ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሳሎኑ ባዶ ነው፤ ምንጣፉ ተጠቅልሏል፣ ግድግዳው ላይ የስዕሎቹ ቦታ ብቻ ቀርቷል። ሚስስ ሂሮታ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ እንደ ሁልጊዜው ጀርባቸውን ሰጥተው ወንበራቸው ላይ ናቸው። ዛሬ ካላልኩት መቼ ልለው ነው? ቢስሚላህ አልኩና ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ታዳይማ።»

አልዞሩም። መዞርም አላስፈለጋቸውም። የወጣልኝ ሹክሹክታ ነበር፣ ድምፄን አልለዩትም፤ ጆይስ ከወጣች ወዲህ ደግሞ እዚያ ቤት ያንን ቃል የሚል አንድ ሰው ብቻ ነው።

«ኦካኤሪ፣ ሲሀም ቻን» አሉ።

ሲሀም ኪችን ነበረች። ሰሃን የምትጠቀልልበትን ጋዜጣ እንደያዘች የኪችኑ በር ላይ ወጣች። እሷን አየኋት፣ አየችኝ። «እትዬ... አላወቀችሽም እኮ፣ እኔ ልንገራት...» ማለት ስትጀምር፣ በእጄ ዝም በይ አልኳት። ወጣሁ። ደረጃው ላይ ቆምኩ። ለአንዲት ቃል ስንገበገብ ከርሜ፣ ቃሏን በሌላ ሰው ስም ተቀበልኳት! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እኔ ነኝ። እንባዬ መጣ። ልሂድ አልኩ፤ ወላሂ ልሄድ ነበር፣ አውቶቡሱም ከማዶ ሲመጣ ይታየኝ ነበር። ግን ብሄድ ሚስስ ሂሮታ ምን ይላሉ? ሲቲና ሳን ሳትሰናበተኝ ቀረች ነው የሚሉት። ስድስት ዓመት የገነባሁት ጨዋነት እሱ ብቻ ነው የቀረኝ፤ እሱንም ልጣለው?

አፍንጫዬን ጠረግሁ። ተመልሼ ደፉ ላይ ቆምኩ።

«ቤቶች!»

«አ! ሲቲና ሳን!»

ወንበሩን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። ጆይስ ከውጪ «እማ፣ ቆይ!» እያለች ሮጠች፤ እኔም ሮጥኩ፤ ግን አልደረስንም። ተነሱ። ብቻቸውን፣ ማንም ሳይደግፋቸው፣ ጉልበታቸው እየተብረከረከ ተነሱ። የካፖርታቸውን ቁልፍ በጣታቸው ፈልገው ቆለፉ፣ ጸጉራቸውን ደባበሱ፣ ወደ ድምፄ ዞሩ፣ ጎንበስ አሉ። «ኢራሻይ፣ ሲቲና ሳን። ኢራሻይ።» እኛ አገር «ኖር!» ተብሎ ለከበረ ሰው እንደሚነሳው ነው የተነሱልኝ። ወዲያው ክንዳቸውን ያዝኩ፤ እሳቸውም እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት፣ አልለቀቁትም። ቤቱ ባዶ ሆነ ብለው ይቅርታ ጠየቁኝ። ቢሆንም ሻይ አለ፣ ሻይ ትጠጫለሽ ወይ አሉኝ፣ ለስድስት ዓመት በየቀኑ እንደሚሉኝ።

«እሺ» አልኩ። «እጠጣለሁ።»

ወንበራቸው ላይ መልሼ አስቀመጥኳቸው፣ እኔም ገና ያልተጫነ ሌላ ወንበር ስቤ ፊት ለፊታቸው ቁጭ አልኩ። እጃቸው አሁንም እጄ ውስጥ ነው። ሲሀም ጋዜጣዋን እንደያዘች እዚያው ቆማለች።

«ለእኔ እኮ አንድም ቀን ተነስታ አታውቅም» አለች፣ ቀስ ብላ። «አንዴም።»

ዓይኗን አየሁት። ያን ዓይን አውቀዋለሁ፤ ወሩን ሙሉ መስታወት ውስጥ የማየው የራሴ ዓይን ነው። ልታዝኚላት ይገባ ነበር የሚል ካለ እሱ ይዘንላት። አልዋሽም፣ ልቤ ቅቤ ጠጣ።

«አንቺ የቤት ልጅ አይደለሽ እንዴ?» አልኳት። «በይ ሻይ አፍይልን።»

ሄዳ ውሃ ጣደች።